ሰንጋዬን ለቅርጫ እንዴት እንደምሸጥ

እኔ ቢላ አልይዝም፤ ደብተር ነው የምይዘው። ባለቤቴ ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ ባለው ግቢያችን ውስጥ በሬ ያደልባል፣ እኔ እሸጣለሁ። ድሮ አንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ሒሳብ እሠራ ነበር። ልጅ ስወልድ ሥራውን ተውኩት፣ የደብተሩ አመል ግን አልለቀቀኝም። አሁን በዓመት ከአስር እስከ አስራ ሁለት ሰንጋ ባሕር ዳር ላሉ የቅርጫ ቡድኖች እናስረክባለን። በደላላ እጅ የሚያልፍ አንድም የለም።

ጎረቤቶቼ፣ በተለይ አንድ ሁለት በሬ አስረው ለፋሲካ የሚያደልቡት፣ "እንዴት ነው የምታደርጉት?" እያሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ቡና እያፈላሁ ከማወራ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

የመጀመሪያውን በሬያችንን ያወጣነው ገበያ ነበር፣ የፋሲካ ዋዜማ። ቡሬ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው። ባለቤቴ ውሃ ሊያመጣ ሄዶ እኔ ገመዱን ይዤ ቆሜያለሁ። አንድ ደላላ መጣ። በሬውን ዞሮ ዞሮ አየው፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ከዚያ፣ "ባለቤቱ የት ሄዶ ነው?" አለኝ። "እኔ ነኝ" አልኩት። ሳቀ። እስከ 9 ሰዓት ቆምን። ፀሐዩ ሲበርድ ዋጋውም አብሮ ይበርዳል። "ታዲያ መልሳችሁ ልትነዱት ነው?" ይሉናል። እንደማንመልሰው ያውቃሉ። ሸጥነው።

በዳግማ ትንሣኤ ዓባይ ማዶ የምትኖር የአክስቴ ልጅ መጣች። ቅርጫቸው እንዴት ያለ ጮማ እንደነበረ ታወራልኛለች። "ቡሬ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት" አለች። ቡናው እጄ ላይ ቀረ። የእኛው በሬ ነው! በዚያው ከሰዓት፣ ከገበያው ሳይወጣ፣ እኛ ከሸጥንበት 11 ሺህ ብር ጨምረው ነው የገዙት። አሥር ቤተሰብ ከእኛ ቤት በእግር የሚደረስበት ቦታ ተቀምጦ በሬ ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ በሬ ይዘን ሰው እንፈልጋለን። መሀል ላይ ያለው አንድ ከሰዓት ነው፣ ዋጋው 11 ሺህ።

ሰብሳቢውን ፈልጉ

ቅርጫ ለመሸጥ አሥር ሰው ማሳመን አያስፈልግም። አንድ ሰው ነው የሚያስፈልገው። በየዕድሩ፣ በየዕቁቡ፣ በየኮንዶሚኒየሙ ብሎክ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሰው የሚሰማው አንድ ሰው አለ። እሱን ካገኛችሁ ዘጠኙ ይከተላሉ።

ግን ተናጋሪውን አትያዙ። መጀመሪያ የያዝኩት ሰው ስልኩ የማያርፍ፣ "ለእኔ ተይው እቴ፣ ሃያ ሰው አመጣልሻለሁ" የሚል ነበር። ሰባት አመጣ። ከሰባቱ ሁለቱ የስቅለት ዕለት ማታ ደወሉና ቀሩ፤ አንዱ ሀገር ቤት ሊሄድ ነው፣ የአንዱ ሚስት በግ ገዝታለች። አምስት ሰው ሰባት መደብ፣ ሰባት ድርሻ ማለት ነው፣ ሊበላ አይችልም። አንዱን መደብ ራሴ ወሰድኩ፣ አንዱን በዱቤ ሰጠሁ። ዱቤው እስከ ሰኔ አልተከፈለም።

አሁን የምፈልገው ሰው ከሌሎች ገንዘብ ሰብስቦ የሚያውቅ ነው። የዕቁብ ጸሐፊ፣ የዕድር ገንዘብ ያዥ። ሽንብጥ ሰፈር ያሉት ደንበኞቼ ሰብሳቢ አንዲት እናት ናቸው። ብዙ አያወሩም። ግን ስማቸው ከተጠራ የማይከፍል የለም፤ ከእሳቸው ፊት ዓይኑን የሚያነሳ የለማ! ለሰብሳቢ ምስጋና አድርጉ። እኔ ከመደቡ ላይ ዋጋ አልቀንስም፣ የሌላው ዓይን ይገባል። በሬው ከተሸጠ በኋላ ለቤታቸው አንድ ኪሎ ቅቤ ይዤ እሄዳለሁ።

የሰው ቁጥር ከስምንት እስከ አስራ ሁለት ይሁን። አሥር ይመቸኛል፣ ለሒሳብም ለዓይንም። ግማሽ መደብ የሚፈልግ ካለ ጓደኛውን ራሱ ይዞ ይምጣ። ደብተሬ ላይ የሚጻፈው አንድ ስም ነው፣ ሥጋውን ቤታቸው ወስደው ይካፈሉ።

ካላንደር ሳታዩ ቀን አትቁረጡ

የሥጋ ገበያችን የሚመራው በጾም ነው። ትልቁ ፋሲካ ነው፤ ከ55 ቀን ሁዳዴ በኋላ ሁሉም ይገዛል። ገና ይከተላል። ቅበላ ጥሩ ነው፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሰው በደንብ መብላት ይፈልጋል። እንቁጣጣሽና መስቀል እንደ ቀኑ ነው።

"እንደ ቀኑ" ያልኩት በምክንያት ነው። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉም ይበላል። እንቁጣጣሽና መስቀል ግን እንዲያ አይደሉም። በ2017 መስከረም 1 የዋለው ረቡዕ ነበር። እኔ ነሐሴ ላይ ከአንድ ቡድን ጋር "መስከረም 1 ጠዋት" ብዬ ተነጋግሬያለሁ፣ እነሱም እሺ ብለዋል። አንዳችንም ካላንደር አላየንም። ጳጉሜን ሲገባ ሰብሳቢው ደወሉ፣ "ልጄ፣ ረቡዕ እኮ ነው! ሥጋውን አርደን ቁጭ ብለን ልናየው ነው?" ወደ ሐሙስ ጠዋት አዞርነው። አራጁ ግን ሐሙስ ሌላ ቦታ ተይዟል፤ ሌላ ፈልገን እጥፍ ከፈልን፣ ከእኔ ኪስ። የዚያ ዓመት መስቀልም ዓርብ ነበር። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ከዋለ መስቀል ዓርብ መሆኑ አይቀርም፣ ቁጠሩት።

ፋሲካ ላይ ያልተሸጠ በሬ ካላችሁ አትደንግጡ። እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ይበላል። ለበዓሉ ዕለት አቅም ያጠረው ሰው ለዳግማ ትንሣኤ ይገዛል። ዋጋው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ግን አራጅ እንደልብ ነው።

ለሙስሊም ደንበኞቼ ለአረፋ የምሸጠው በቁም ነው። አራጁን እነሱ ያመጣሉ፣ ቡድኑንም እነሱ ያደራጃሉ። ለኡድሂያ፣ ለአረፋው መሥዋዕት ማለት ነው፣ አንድ በሬ እስከ ሰባት ሰው ይካፈለዋል፤ ስለዚህ ሰባት እንጂ አሥር ብላችሁ አትሂዱ። ሁለት ዓመት የሞላው፣ ያልታወረ፣ የማያነክስ መሆን አለበት። የእኛ በሬዎች አብዛኞቹ ቀንበር የተሸከሙ ናቸውና የአንገት ጠባሳ ሊኖራቸው ይችላል። ጠባሳውን ደብቄ አላውቅም። አስቀድሜ ጠርቼ አሳያለሁ፣ ካልፈለጉ ሌላውን ይመርጣሉ። ቀኑ በየዓመቱ ወደ አስራ አንድ ቀን ስለሚቀድም የዘንድሮውን ይዛችሁ ለከርሞ አትቀጥሩ።

በሬው ስንት ኪሎ ነው?

ይሄን ጥያቄ በግምት የሚመልስ ነጋዴ ደንበኛ አያቆይም። ሰንጋ የሚመዝን ሚዛን የለኝም። የልብስ ሰፊ ሜትር ግን አለኝ፣ ሁለት ቀጣጥዬ። የደረቱን ዙሪያ ከሻኛው ኋላ፣ ከፊት እግሮቹ ጀርባ አዙራችሁ ለኩ። ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ያለውን ርዝመት ለኩ። ዙሪያውን በራሱ አባዙት፣ የወጣውን በርዝመቱ አባዙ፣ ለ10,840 አካፍሉ። የሚመጣው በኪሎ ነው። ዙሪያው 165 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 135 ከሆነ 339 ኪሎ ይሆናል። በሬው ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ጠዋት ሳይበላ ለኩት። ሆዱ ከሞላ ውሸቱ የእናንተ ነው።

ከዚያ ውስጥ አጥንቱን ጨምሮ ለመደብ የሚሆነው ወደ ግማሽ ነው። ቆዳው፣ ጭንቅላቱ፣ እግሩና የሆድ ዕቃው ሌላ ናቸው። ከሳ ካለ ከግማሽም ዝቅ ይላል።

አንድ ዓመት ለሽንብጦቹ "170 ኪሎ ይወጣዋል" አልኩና ለማረጋገጥ ተንጠልጣይ ሚዛን ተውሼ ይዤ ሄድኩ። የሆንኩትን ልንገራችሁ። ሚዛኑን ከዛፍ ላይ ስሰቅል ያዩ አንድ አዛውንት ነጠላቸውን አስተካክለው መጡ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሚዛን ነው ጋሼ።"

"ልጄ፣ ወንድም ከወንድሙ በሚዛን ይካፈላል እንዴ? ሥጋ ቤት አደረግሽው እኮ!"

ዙሪያችን ያለው ሰው ዝም አለ። እውነታቸውን ነው። ቅርጫ የሚካፈለው በዓይን ነው፤ ሚዛን ማምጣት መጠርጠር ነው። እኔም ደነገጥኩ። "ጋሼ፣ ለእናንተ አይደለም፣ ለእኔ ነው። የነገርኳችሁ ኪሎ ልክ መሆኑን ልወቅ። መደቡን እናንተው በዓይናችሁ ትመድባላችሁ" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። "እንግዲያ ቶሎ በይ፣ ዝንብ ሳይመጣ" አሉኝ።

አራቱን ብልቶች አንድ በአንድ ሰቀልን። የፊቶቹ 46 እና 45 ተኩል፣ የኋላዎቹ 39 እና 37 ተኩል። 168። ሚዛኑን ሲያነቡ የቆዩት እኒያው አዛውንት ናቸው። "ሁለት ኪሎ ዕዳ አለብሽ" ብለው ሳቁ፤ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ለወጥኩ። በሜትር 170 ከመጣልኝ የምናገረው 160 ነው። ሚዛኑን ደግሞ ለጠቅላላው እንጂ ለመደብ አላወጣውም። የሽንብጥ ሰዎች እስከ ዛሬ ከእኔ ሌላ አይገዙም።

ዋጋና ቀብድ

ዋጋውን በመደብ ተናገሩ። "98 ሺህ ብር በሬ" ሲባል ሰው ይደነግጣል። "9,800 ብር መደብ፣ ከ16 ኪሎ የማያንስ" ሲባል ሥጋ ቤት ከሚከፍለው ጋር ያስተያያል።

ክብ ክብ ቁጥር አድርጌ የአንዱን በሬ ሒሳብ ላሳያችሁ። መግዣ 64,000። ለመቶ ቀን መኖ 16,500። መድኃኒትና ሐኪም 1,000። መጓጓዣ 1,500። ድምሩ 83,000። በ98,000 ሲሸጥ 15,000 ይተርፋል። ለመቶ ቀን ካካፈላችሁት በቀን 150 ብር ነው። የባለቤቴን ጉልበት አልቆጠርኩም፣ ቢሰማ ይቆጣል። ስለዚህ በአንድ በሬ የሚለወጥ ኑሮ የለም። አራት አብረው ሲታሰሩ ግን የሚያበላቸው ሰው ያው አንድ ነው፣ አይሱዙውም ሁለት ሁለቱን ይጭናል።

ቀብድ ሳልቀበል ማንንም ደብተር ላይ አልጽፍም። ችግሩ፣ በጾም መሀል ስለ ሥጋ ገንዘብ መጠየቅ ያሳፍራል። መጀመሪያ ላይ እኔም አፍር ነበር። መፍትሔው ቀኑን በበዓል ማሰር ሆነ። ለፋሲካ ቀብዱ በደብረ ዘይት፣ ቀሪው እስከ ሆሳዕና። ለገና ቀብዱ በኅዳር ጽዮን፣ ቀሪው በታኅሣሥ ገብርኤል። ሰው "መጋቢት ስንት ነበር?" አይልም፤ ደብረ ዘይትን የማያውቅ የለም። ሆሳዕና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጣታቸው ላይ የዘንባባ ቀለበት አድርገው ነው በቴሌብር የሚልኩልኝ።

ቀብዱ ከዋጋው ሲሶ ነው። ከሆሳዕና በኋላ የቀረ ሰው ቀብዱ አይመለስለትም፣ ምትክ ካመጣ ግን ሙሉውን እመልሳለሁ። ይሄን መጀመሪያ ቀን እነግራቸዋለሁ፣ በቃልም በጽሑፍም። ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩበት። መንገድ ሊዘጋ ይችላል። መንገድ ተዘግቶ በሬው ባይደርስ ቀኑ ይገፋል እንጂ ቀብዱ አይጠፋም፣ እኔም አልቀጣም። ኢንተርኔት ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ደብተሬን ይዤ በእግሬ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ወረቀት ኔትወርክ አይጠይቅም።

የጉበቱ ነገር

ስለ ማድለቡ እዚህ ብዙ አልልም። የምንገዛው ጥርሱ የሞላ ግን ያላለቀ የእርሻ በሬ ነው። የከሳ ይሁን፣ የታመመ አይሁን። የጤፍ ጭድ እንደልቡ ይበላል። ፉርሽካ ሁለት እጅ፣ የኑግ ፋጉሎ አንድ እጅ ተቀላቅሎ በቀን እስከ ሦስት ኪሎ ይሰጠዋል፣ ከትንሽ ተነስቶ ቀስ በቀስ። በአንዴ ከሰጣችሁት ሆዱ ይነፋል። ጨው፣ አተላ ሲገኝ አተላ፣ ንጹሕ ውሃ። በቃ።

አንድ ነገር ግን ከሽያጩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ልናገር። በሁለተኛው ዓመት ከሐይቁ ዳር መንደር አንድ መጋል በሬ ገዛን። በጋ ሲገባ ጣና ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ የሸሸበት ላይ ለምለም ሣር ይወጣል። ሌላው ሜዳ ደርቆ እሱ ብቻ ይለመልማል። ከብቱ ሁሉ እዚያ ነው። በሬው ሲያዩት ያምራል።

የገና ጠዋት ታረደ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተጀምሮ ቆዳው ሲያልቅ እየነጋ ነው። የቡድኑ ሰዎች ሚጥሚጣውን በሰሃን ይዘው ጉበቱን ይጠብቃሉ፣ እንደ ወጉ። አራጁ አወጣው፣ አገላበጠው፣ ቢላውን ሳብ አደረገበት። ከቱቦዎቹ ውስጥ ጠፍጣፋ፣ ቅጠል የመሰለ ትል ወጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ጉበቱ ጠንክሮ እንደ ጫማ ሶል ሆኗል። ሚጥሚጣውን የያዘው ልጅ ሰሃኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። ማንም አልተናገረኝም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ከየመደቡ መቶ መቶ ብር መለስኩ። በማግስቱ የእንስሳት ሐኪሙን ጠየቅሁት። የጉበት ትል ነው፣ አለኝ። ረግረግ ላይ ያለ ቀንድ አውጣ ነው የሚያዛምተው፣ ከብቱ የትሉን እጭ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኛም ነበር ለካ። አሁን በሬ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የትል መድኃኒት ይሰጠዋል፣ የሐይቅ ዳር ሣር አይቀርብለትም። ትሉ ቢሞትም ጉበቱ ላይ የተወው ጠባሳ ስለማይጠፋ ለደንበኞቼ አስቀድሜ ቃል እገባለሁ፦ ጉበቱ ከተበላሸ ይሄን ያህል እመልሳለሁ። ቁጥሩ ደብተሩ ላይ ተጽፏል። አንዴም የተከራከረኝ የለም።

መድኃኒት የወሰደ በሬ ወዲያው አይታረድም። ለየመድኃኒቱ የሚጠበቅ ቀን አለው። ሐኪሙ ቀኑን ሲነግራችሁ ጻፉት፣ ከበዓሉ ወደ ኋላ ቁጠሩ። በድንገት የሞተ ወይም ሊሞት ሲል የታረደ ከብትማ ለማንም አይሸጥም። አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ ሰው ይገድላል። ከሞተው ከብት አፍና አፍንጫ ጥቁር ደም ከፈሰሰ ቢላ እንዳታሳርፉበት፤ ሐኪም ጥሩ።

የማስረከቢያው ሌሊት

በሬውን የማስረክበው ከዋዜማው ማታ በፊት ነው። ከቀትር ጀምሮ መኖ አይሰጠውም፣ ውሃ ግን ይጠጣል። እየሮጠ፣ እየተመታ የገባ በሬ ሥጋው ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ስለዚህ ዓባይ ማዶ ላሉት በእግሩ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ሽንብጥ ላሉት ግን በመኪና ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ከተመረቀ ወዲህ መሻገሩ ቀሏል፣ የዋዜማው ግርግር ግን ያው ነው። በጊዜ ውጡ።

ቡድኑ ቄራ ማሳረድ ከፈለገ ደስ ይለኛል፣ መርማሪ አለና። ግቢ ውስጥ ከሆነ ለሰብሳቢው ማዘጋጀት ያለባቸውን ከሳምንት በፊት እነግራቸዋለሁ። ሸራ ወይም ወፍራም ላስቲክ፣ የኮባ ቅጠል፣ ቢያንስ ስድስት ጀሪካን ውሃ፣ መጥረቢያ፣ ጉማጅ እንጨት፣ ሞረድ። ውሻ የሚያባርር ልጅም አይረሳ። አራጁን ከወር በፊት ያዙት። ከገንዘቡ ሌላ ሥጋ የሚጠብቅ አራጅ አለ፣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የባሕር ዳር ሚያዝያ ቀልድ አያውቅም፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መደቡ ተነስቶ ማለቅ አለበት።

ሥጋው ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ነጭ፣ ውሃ የቋጠረ ነገር ካያችሁ የኮሶ ትል እጭ ነው። ምላሱን፣ ልቡን፣ የመንጋጋና የወርች ሥጋውን ቆረጥ አድርጎ የሚያይ አራጅ ምረጡ። ብዙ ከሆነ ሐኪም ይየው። ጥሬ መብላት የየሰው ፈንታ ነው፤ እኔ ለልጆቼ አልሰጥም። ሳምባው ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ካለ ለውሻ አትጣሉት፣ ቅበሩት። ውሻው በልቶት በሽታው ወደ ሰው ይዞራል።

ምደባው የወንዶቹ ሥራ ነው፣ እኔ ጥግ ይዤ አያለሁ። ከእያንዳንዱ ብልት ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሳል። ታላቁም ታናሹም፣ ሽንጡም ዳቢቱም፣ ፍሪምባውም ጎድኑም አሥር ቦታ ይቆረጣል። ቅልጥሙ በመጥረቢያ ይሰበራል። "ያኛው አጥንት በዛበት" "ከዚህኛው ጮማ አንሱ" እያሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ቁራጭ ያሸጋግራሉ። ይሄ ጭቅጭቅ አይደለም፣ ሥራው ነው፤ አትግቡበት። ለአሥር የማይካፈለውን፣ ጭንቅላቱን፣ እግሩንና ቆዳውን፣ እዚያው ይጫረቱበታል። የቆዳ ዋጋ ወድቋልና ከእሱ ብዙ አትጠብቁ።

ከዚያ ዕጣ። ሁሉም ከኪሱ አንዳች ነገር ያወጣል። ባለፈው ፋሲካ የወጣውን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። የባጃጅ ቁልፍ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ቆርኪ፣ የፀጉር ማስያዣ፣ የጌሾ ቅጠል፣ ሳንቲም፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ክብሪት፣ ጠጠር፣ አንዱ ደግሞ ሌላ ስላጣ የቤቱን ካርኒ አጥፎ። የሰብሳቢዋ የልጅ ልጅ፣ ሰባት ዓመት የማይሞላት፣ ፊቷን ወደ አጥር አዙራ ቆማለች። ዕቃዎቹ በነጠላ ተቋጥረው ተሰጧት። የማን ምን እንደሆነ አታውቅም። አንድ አንድ እያወጣች በየመደቡ ላይ አስቀመጠች። የባጃጅ ቁልፉን ስታገኝ ደስ ስላላት ትንሽ አቃጨለችው። ባለ ቁልፉ፣ "ኧረ ቶሎ አስቀምጪው፣ ሥራ አለብኝ!" ይላታል። ያስቀመጠችለት ሻኛው ዳር ያለውን ነበር። "የእኔ ልጅ ናት" አለ ወዲያው።

ዕጣ ከወጣ በኋላ ቅሬታ የሚያነሳ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ከመውጣቱ በፊት ያለውን ግን አድምጡ። "ጮማው አንሷል" ካሉ ለሚቀጥለው ሁለት ሳምንት ጨምሩ። "ጮማው በዝቷል" የሚሉም እየመጡ ነው፣ በተለይ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ቤቶች። ለእነሱ ወጣት በሬ እመርጣለሁ። በማግስቱ ለሰብሳቢው እደውላለሁ፣ "እንኳን አደረሳችሁ" እላለሁ፣ ሥጋው እንዴት እንደነበር እጠይቃለሁ፣ የሚቀጥለውን በዓል ቀን እነግራቸዋለሁ። ከአሥሩ ሰባቱ በዚያው ስልክ ይመዘገባሉ።

ከግቢው ስትወጡ ደግሞ ገመዳችሁን ይዛችሁ ውጡ። በሬው ከታሰረበት ግንድ ላይ ይቀራል፣ በግርግሩ መሀል ማንም ልብ አይለውም፣ ከሰዓት ሲፈለግ ልብስ ተሰጥቶበት ይገኛል። እኔ ሦስት ጠፍቶብኛል። አራተኛውን ባለቤቴ ጫፉን ቀይ ቀለም ቀብቶልኛል።